የትሉ ቀን መቁጠሪያ፦ ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ነፍሳትን አሳድጎ የማየት መመሪያ

በጋይንትም ሆነ በስማዳ፣ በእስቴም ሆነ በአጎራባቾቹ ቀበሌዎች አንድ ገበሬ «በቆሎዬን ትል ፈጀው» ብሎ ወደ ግብርና ባለሙያ ሲገሰግስ፣ ትሉ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን አገባዶ ወደ አፈር ለመውረድ ተሰናድቷል። መድኃኒቱ ተገዝቶ፣ መርጫው ከጎረቤት ተለምኖ እስኪመጣ ቅጠሉ ላይ የሚቀረው ቀዳዳና ኩስ ነው። ገበሬው «ትሉ ጠፋ» ይላል። ትሉ ግን አልጠፋም። ከበቆሎው ሥር ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ተሸፍኖ ተኝቷል፤ ከቀናት በኋላ ክንፍ አብቅሎ በሌሊት ይወጣል፤ ለሚቀጥለው ጥፋት የሚሆነውን እንቁላልም ይጥላል።

ትልነት የአንድ ነፍሳ ዕድሜ አንዱ ምዕራፍ ብቻ ነው። ከእሱ በፊት እንቁላል አለ፤ ከእሱ በኋላ ሳይበላና ሳይንቀሳቀስ የሚቆየው ሙሽሬ ወይም ፑፓ አለ፤ በመጨረሻ ባለ ክንፉ ይመጣል። የእያንዳንዱ ምዕራፍ ቦታው፣ ምግቡና የሚቆይበት ቀን ይለያያል። ሰው ሊከላከልበት ወይም ሊጠቀምበት የሚችለው ጊዜም እንዲሁ። ይህን ሁሉ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሥሎ ሊያሳይ ይችላል። አንዱን ትል ቤት አምጥቶ፣ መግቦ፣ ቀኑን በደብተር እየጻፉ እስኪበር መከታተል ግን ሌላ ዕውቀት ይሰጣል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለዚያ ሥራ ነው። የሚፈልገው አንድ ማሰሮ የሚያህል ዕቃ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ደብተርና ከአንድ እስከ ሁለት ወር የሚደርስ ትዕግሥት ነው።

ሙቀት ሰዓት ነው

እነዚህ ወረዳዎች ለእንዲህ ያለ ክትትል እጅግ የተመቹ ናቸው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ነፋስ መውጫ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስሟም ብርዷም ይታወቃል። ከወገዳ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ደግሞ ከገብስና ከድንች አገር ተነሥቶ፣ ጤፍና በቆሎውን አልፎ፣ ማሽላና ወባ ወዳለበት የበሽሎና የአባይ ሸለቆ ይገባል። በየ1000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል።

ነፍሳት እንደ በግና እንደ ሰው ሰውነታቸውን ራሳቸው አያሞቁም። አየሩ ሲሞቅ ይሞቃሉ፤ ሲበርድ ይቀዘቅዛሉ። ዕድገታቸውም የሚፈጥነውና የሚዘገየው በዚያው ልክ ነው። የበቆሎው መጤ ተምች በሞቃት አገር ከእንቁላል እስከ ክንፍ አንድ ወር ገደማ ይበቃዋል፤ በብርድ አገር ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ በመማሪያ መጽሐፍ «14 ቀን» ተብሎ የታተመው ቁጥር ለአርብ ገበያ አንድ ነገር፣ ለመካነ ኢየሱስ ሌላ ነገር፣ ለበሽሎ ዳርቻ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የየቀበሌው ቀን መቁጠሪያ እዚያው ቀበሌ ውስጥ፣ እዚያው በሚኖር ሰው እጅ መሠራት አለበት።

የትኛው ትል?

ለጀማሪ የሚመከረው ትል ሦስት ነገር ያሟላ ነው፦ በቀላሉ የሚገኝ፣ የሚበላው ቅጠል ከቤት የማይርቅ፣ ሲነኩት የማያሳክክ። ጠጉራም አባጨጓሬ ለጊዜው ይቅር፤ የአንዳንዱ ጠጉር ቆዳና ዓይን ያስቆጣል፣ ልጆች የሚሳተፉበት ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም።

በወይና ደጋና በቆላ ያለ ሰው ወደ ሎሚው ወይም ወደ ብርቱካኑ ዛፍ ይሂድ። ጥቁር ክንፉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ትልቁ የሎሚ ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥለው ለጋ ቅጠል ላይ አንድ አንዱን እየነጠለ ነው። እንቁላሉ ድቡልቡል ሆኖ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። የሚፈለፈለው ትንሽ ትል ቡናማና ነጭ ስለሆነ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፎችም ንቀው ያልፉታል። ሲያድግ መልኩን ይለውጥና እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። በስንጥር ጫፍ ቀስ ብለው ቢነኩት ከራሱ ኋላ ብርቱካናማ፣ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ለስላሳ ቀንድ ያወጣና ሽታው አፍንጫ የሚነካ ጠረን ይረጫል። ተማሪዎች ይህን አንድ ጊዜ ካዩ አይረሱትም። ደጋግመው ግን አይነካኩት፤ ትሉን ያደክመዋል።

በደጋ፣ በነፋስ መውጫና በጉና ግርጌ ላለ ሰው የሚቀርበው የጓሮ ጎመን ነው። ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ሰው ትንሽና ቀጭን አረንጓዴ ትል ያገኛል፤ ሲነካ ይወራጭና በሐር ክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ይህ የጎመን የእሳት ራት ትል ነው። ሙሽሬ የሚሆነው እዚያው ቅጠል ላይ፣ ራሱ በፈተለው ወንፊት መሰል ስስ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ በውስጡ ያለው ለውጥ ከውጭ ይታያል። ከአጥር ሥር ሳማ ያለው ሰውም ቅጠሉ በክር ታጥፎ የተሰፋ የሚመስልበትን ቦታ ይፈልግ። የአገራችንን የቀድሞ ስም በሳይንሳዊ መጠሪያው የያዘው የደጋ ቢራቢሮ፣ ቫኔሳ አቢሲኒካ፣ ትሉ የሚያድገው ሳማ በልቶ ነው።

ወደ አባይና ወደ በሽሎ በረሃ የወረደ ደግሞ ጦቢያ የተባለው ተክል ላይ ያተኩር። ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት የለበሰ፣ ጀርባው ላይ ጥንድ ጥንድ ጥቁር ቀጫጭን ዘንግ ያለው ትል እዚያ ይገኛል። የሚወጣው ብርቱካናማ ቢራቢሮ ነው። ትሉ ከቅጠሉ የሚወስደው መርዝ ከቢራቢሮው ሰውነት ጋር ስለሚቆይ አንድ ጊዜ የቀመሰው ወፍ ሁለተኛ አይደፍረውም። የጦቢያው ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ቅጠሉን የቆረጠ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ፊቱን አይንካ።

ጊዜውን በተመለከተ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ይመረጣል። ቅጠሉ ለጋ ነው፣ አበባው ሞልቷል፣ ቢራቢሮውም እንቁላል የሚጥልበት ወቅት ነው። ቅጠሉ የሚቀጠፍበት ዛፍ ወይም ጓሮ በቅርብ ጊዜ ፀረ ተባይ ያልተረጨ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ትሎች ያለ ምክንያት በጅምላ ከሞቱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ቤቱና እንክብካቤው

ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አንድ ጎኑን በሰፊው ይቁረጡና ሻሽ ወይም አሮጌ ነጠላ ወጥረው ይስፉበት። አፈ ሰፊ ጠርሙስም ይሆናል፤ አፉ በጨርቅ ይሸፈን እንጂ በክዳን አይዘጋ። ከታች ወረቀት ያንጥፉ፤ ኩሱን ለማየትና ለመጥረግ ይረዳል። የበቆሎ ተምች ወይም ሌላ አፈር የሚገባ ትል የሚያሳድጉ ከሆነ ግን በወረቀቱ ፈንታ አራት አምስት ጣት የሚሆን እርጥበት ያለው ልል አፈር ያድርጉበት። ለቢራቢሮ አንድ ሁለት ጭራሮ በሰያፍ ይቁም።

ትሉን በጣት አይልቀሙ። የተቀመጠበትን ቅጠል ከነቅርንጫፉ ቆርጠው ያምጡ። ቅርንጫፉ ውኃ ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከቆመ ቅጠሉ ሁለት ሦስት ቀን ሳይጠወልግ ይቆያል፤ የብልቃጡ አፍ ግን በጥጥ ይደፈን፣ አለዚያ ትሉ እየወረደ ይሰጥማል። ምግቡ ከተገኘበት ተክል ብቻ ይሁን። የሎሚ ትል ጎመን አይበላም፤ በረሃብ ይሞታል እንጂ ምግቡን አይለውጥም። ኩሱ በየቀኑ ይጠረግ። እርጥበት የያዘ ኩስ ይሻግታል፤ ሻጋታው ትሉን ይገድላል። ዕቃው ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ የምድጃ ጭስ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ጉንዳን በሚበዛበት ቤት አመድ ዙሪያውን መነስነስ ይጠቅማል።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ትሉ መብላት ያቆምና ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። ጀማሪው ታሞ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ብዙዎችም በዚህ ጊዜ እየነካኩ ይገድሉታል። ትሉ ቆዳ ሊለውጥ ነው። የነፍሳት ቆዳ ከሰውነታቸው ጋር አይሰፋም፤ ስለዚህ ከሥሩ አዲስ ይሠራና አሮጌው ተሰንጥቆ ይወልቃል። ብዙዎቹ ትሎች ይህን አራት ወይም አምስት ጊዜ ያደርጉታል። የራሱ ቅል የነበረው ጠንካራ ሽፋን ብቻውን ወረቀቱ ላይ ወድቆ ይገኛል። ያንን እየለቀሙ ደብተሩ ላይ በማጣበቂያ መለጠፍ ግሩም ማስረጃ ነው፦ የመጀመሪያው የመርፌ ራስ ያህል፣ የመጨረሻው ደግሞ የምስር ክክ ያህል ሆኖ ይታያል።

ተሸፍኖ የሚሠራው ሥራ

ያደገው ትል አንድ ቀን ምግቡን ትቶ መንከራተት ይጀምራል። ሽቅብ ወደ ጨርቁ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ጥግ ለጥግ ይዞራል። ቦታ እየመረጠ ነው። የሎሚው ትል ጭራሮ ላይ በሐር ይጣበቅና ወገቡን በአንድ ክር ይታጠቃል፤ የጦቢያው ትል ደግሞ ጅራቱን ሰቅሎ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ከዚያ የመጨረሻው ቆዳ ይወልቃል፤ ከሥሩ የሚታየው ትል ሳይሆን ሙሽሬ ነው። የጦቢያው ሙሽሬ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ሆኖ የወርቅ ነጠብጣብ ያለበት ነውና ተጠግቶ ላየው ሰው ያስደንቃል። በመጀመሪያው ቀን ገላው ገና ለስላሳ ስለሆነ አይነካ፣ አይዘዋወር። ወድቆ የተገኘ ካለ ከደረቀ በኋላ ጅራቱን በክር አስሮ ማንጠልጠል ይቻላል።

ውስጡ ምን ይካሄዳል? ለረጅም ዘመን በአውሮፓ ትሉና ቢራቢሮው ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት እንደሆኑ የሚያምኑ ነበሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንዱ ያን ስዋመርዳም ትልን በጥንቃቄ ቀድዶ የወደፊቱ ክንፍ ጅማሬ ገና በትልነቱ ከቆዳው ሥር ተጣጥፎ እንደሚገኝ አሳየ። በዚያው ዘመን ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የተባለች ጀርመናዊት ሠዓሊ ትሎችን ከነሚበሉት ተክል ቤቷ እያሳደገች ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሣለቻቸው፤ የመጀመሪያው የአባጨጓሬ መጽሐፏ በ1679 እ.ኤ.አ. ታተመ። ይህ መመሪያ የሚመክረው ዘዴ በመሠረቱ የእሷ ነው።

ዛሬ የሚታወቀው እንዲህ ነው። በሙሽሬው ውስጥ የትሉ ጡንቻና አንጀት አብዛኛው ይፈርሳል። በትልነቱ ጊዜ ተኝተው የቆዩ ጥቃቅን የሕዋስ ቡቃያዎች ደግሞ በፈረሰው ሰውነት እየተመገቡ ክንፍ፣ ረጅም እግር፣ ዓይንና የአበባ ወለላ የሚመጥ ቱቦ ይሆናሉ። ትዕዛዙን የሚሰጡት ሆርሞኖች ናቸው። አንደኛው «ቆዳ ለውጥ» ይላል፤ ሌላኛው ደግሞ በሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ «ገና ልጅ ሁን» እያለ ትሉን በትልነቱ ያቆየዋል። ሁለተኛው ሲቀንስ ትሉ ወደ ሙሽሬነት ያልፋል። ሁሉም ነገር ግን አይፈርስም። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትሎችን አንድ ሽታ ባሸተቱ ቁጥር በቀላል ኤሌክትሪክ እየነዘሩ ሽታውን እንዲሸሹ አስተማሯቸው። በበቂ ሁኔታ ያደጉ ትሎች ሆነው የተማሩት፣ የእሳት ራት ከሆኑም በኋላ ያንኑ ሽታ ሸሹ። ትዝታው በሙሽሬው ውስጥ አልፎ ወጣ ማለት ነው። ይህን ለተማሪ ሳይነግሩ ማለፍ ትልቅ ነገር ማስቀረት ይሆናል።

ከዚሁ ምዕራፍ ገቢ የሚያገኙም አሉ። የሐር ትል ሐሩን የሚፈትለው ለሙሽሬነቱ መጠለያ ነው። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲጠና የቆየው አንዱ ዝርያ የሚመገበው የጉሎ ቅጠል ነው፤ ጉሎ ደግሞ በእነዚህ ወረዳዎች ወይና ደጋ ለአጥርም ለምጣድ ማሰሻም የታወቀ ተክል ነው።

የመውጫው ሰዓት

ቢራቢሮው ሊወጣ ሲል የሙሽሬው ሽፋን ይጠቁራል ወይም ይሳሳል፤ የክንፉ ቀለም በውስጡ ይታያል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጠዋት ነው። ሽፋኑን ሰንጥቆ ሲወጣ ክንፉ የተጨማደደና እርጥብ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣና ይንጠለጠላል፤ ከሆዱ ፈሳሽ ወደ ክንፉ ሥሮች እየገፋ ይዘረጋዋል። የሚንጠለጠልበት በቂ ቦታ ካላገኘ ክንፉ እንደተጣጠፈ ይደርቅና ዕድሜውን ሙሉ አይበርም። ጭራሮው የቆመው ለዚህ ነው። ቀይ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ጠብ ቢል ደም አይደለም፤ በሙሽሬነቱ ጊዜ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው።

መርዳት ክልክል ነው። ሽፋኑን በመርፌ ቀድደው «ያዋለዱት» ቢራቢሮ አብዛኛውን ጊዜ ተሽመድምዶ ይቀራል። ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠብቁ፤ ክንፉን መክፈትና መዝጋት ሲጀምር ጨርቁን አንስተው አበባ ያለበት ቦታ ይልቀቁት። የጎመን የእሳት ራትና ተምች ከሆነ ግን አይለቀቅም፤ ታይቶና ተመዝግቦ ይገደላል።

ከአንዳንዱ ሙሽሬ ቢራቢሮ ሳይሆን ቀጭን ተርብ ወይም ዝንብ ይወጣል። ከሌላው ትል ገላ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ጥቃቅን ሽፋኖች ፈልተው ይገኛሉ። ልጆች ማዘናቸው አይቀርም። ይህ ግን ለገበሬው ትልቅ ዜና ነው። እነዚህ ተርቦች እንቁላላቸውን በትሉ ሰውነት ውስጥ ይጥላሉ፤ ልጆቻቸው ትሉን ከውስጥ በልተው ያድጋሉ። ሰው ሳይከፍላቸው ማሳውን የሚጠብቁ ናቸው፤ ያለ ልክ የሚረጭ ፀረ ተባይ መጀመሪያ የሚፈጀውም እነሱን ነው። ከአሥር ትል ስንቱ ተርብ እንዳወጣ ይጻፉ፤ ተርቦቹንም ይልቀቋቸው።

ደብተሩ

በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ነገር ይበቃል፦ ቀኑ፣ የታየው ነገር፣ የአየሩ ሁኔታ። ቴርሞ ሜትር ያለው ትምህርት ቤት የጠዋትና የቀትር ሙቀት ይጻፍ፤ የሌለው «ውርጭ ነበር»፣ «ደመና ዋለ» ብሎ ይጻፍ። እንቁላሉ የተገኘበት፣ የተፈለፈለበት፣ ቆዳ የለወጠበት፣ ሙሽሬ የሆነበትና የወጣበት ቀን በቀይ ይሰመርበት። የነፋስ መውጫና የወገዳ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ትል በአንድ ወር አሳድገው ደብተር ቢለዋወጡ የሙቀቱ ሥራ ያለ መምህር ገለጻ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከጠርሙሱ ወደ ማሳው

የበቆሎው መጤ ተምች ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ2009 ዓ.ም. ነው። ራሱ ላይ የተገለበጠ የላቲን «ዋይ» ፊደል የሚመስል ነጭ መስመር፣ ጅራቱ አጠገብ በካሬ የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። እናቲቱ እንቁላሏን በመቶና በሁለት መቶ ከምራ ቅጠል ላይ ትጥልና በገላዋ ብናኝ ትሸፍነዋለች፤ አመድማ ሻጋታ ይመስላል። በሞቃት ቦታ በሦስት አራት ቀን ይፈለፈላል። ትንንሾቹ ትሎች ቅጠሉን ፋቅ ፋቅ ስለሚያደርጉ መስኮት የሚመስል ስስ ነጭ ቦታ ይቀራል። ይህ ምልክት የሚታይበት ሳምንት የገበሬው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ትሉ አዲሱ ቅጠል ወደሚወጣበት መሐል ይገባና የራሱን ኩስ እንደ ቡሽ ይደፍንበታል፤ የሚረጭ ነገር አይደርሰውም። ከሚበላው ሁሉ አብዛኛውን የሚበላውም በትልነቱ የመጨረሻ ቀናት ነው።

ስለዚህ በቆሎው ከበቀለበት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳው ውስጥ ዚግዛግ እየተጓዙ ቅጠል ይገልብጡ። የእንቁላል ክምር በጣት ይጨፍለቅ። መስኮት መሰሉ ምልክት ያለበትን ተክል ይፈትሹና ትሉን ይልቀሙ። መርጨት ግድ ከሆነ ትሉ ወደ ላይ በሚወጣበት ማለዳ ወይም አመሻሽ ይሁን፤ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን ከባለሙያ ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ትሉ «ከጠፋ» ደግሞ ከበቆሎው ሥር ከ2 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ቀይ ቡናማ ሙሽሬ መኖሩን ይዩ፤ ከተገኘ የሚቀጥለው እንቁላል መቼ እንደሚጠበቅ ደብተሩ ይናገራል። ይህ ተባይ የማይመች ወቅትን ተኝቶ የማሳለፍ ባሕርይ የለውም፤ በበጋ በመስኖ የሚለማ የቆላ በቆሎ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ይራባል።

አንበጣ ሌላ መንገድ ይከተላል። ሙሽሬ የሚባል ምዕራፍ የለውም። በእርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርዶ ከተቀበረው እንቁላል ኩብኩባ ይወጣል፤ ኩብኩባው ገና ሲወጣ አንበጣን ይመስላል፣ ክንፍ ብቻ የለውም። አምስት ጊዜ ያህል ቆዳ ለውጦ ይበራል። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን የከብቱ በሽታና ድርቁ ላይ አንበጣና ተምች ተጨምረው አገሩን እንዴት እንደፈጁት ይታወቃል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ መንጋው ከበሽሎ ማዶ ያለውን ወሎን ጨምሮ ብዙ አካባቢዎችን መታ። ኩብኩባ በእግሩ የሚሄድ ነው፤ ቦይ ተቆፍሮለት ተነድቶ ሊቀበር ይችላል። ከበረረ በኋላ የገበሬው ጩኸትና ጅራፍ ወደ ጎረቤት ማሳ ከማሻገር አያልፍም። ኩብኩባ ያየ ሰው ሳያድር ማሳወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ጎተራ፣ ባና፣ ቀፎ

ነቀዝ አራቱንም ምዕራፎች የሚፈጽመው በእህሉ ዙሪያ ነው፤ ሦስቱን ደግሞ ከአንዲት ፍሬ ውስጥ ሳይወጣ። እናቲቱ የበቆሎውን ወይም የማሽላውን ፍሬ በስታ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ ውስጡን እየበላ ያድጋል፣ እዚያው ሙሽሬ ይሆናል፣ በመጨረሻ በስቶ ይወጣል። ቀዳዳ የሌለው እህል ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ለመፈተን ከመውቂያው ማግስት አንድ እፍኝ ፍሬ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው አፉን በጨርቅ አስረው ሞቅ ያለ ቦታ ለስድስት ሳምንት ያስቀምጡ። ነቀዝ ከወጣበት ጎተራው ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የሚሠራውም ይህንኑ ዑደት በመቁረጥ ነው፤ በውስጡ ያሉት ነፍሳት አየሩን ጨርሰው ይሞታሉ። በየቀኑ የሚከፈት ከረጢት ግን ምንም አይጠቅም።

በደጋው ቤት ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የሚያበላሸው ብል ደግሞ በሌሊት ከሣጥን ውስጥ ብር የምትለው ትንሽ ወርቅማ የእሳት ራት አይደለችም። እሷ ጭራሽ አትበላም። ጠጉሩን የሚበላው በእጥፋቱ ውስጥ ያለው ትሏ ነው። ራቷን ማባረር ፋይዳ የለውም፤ ባናው ተዘርግቶ፣ ተራግፎ፣ እጥፋቱ በብሩሽ ተጠርጎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይምታው፤ ይህም በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይደገም።

ለቆላው ነዋሪ ከሁሉም የሚቀድመው የወባ ትንኝ ነው። እንቁላሉ፣ እጩና ሙሽሬው የሚኖሩት ውኃ ውስጥ ነው፤ በሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃቸዋል። ከበረሃው የራቀ ሰውም አይዘናጋ፤ በ1958 እ.ኤ.አ. የተነሣው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው የፈጀው ወባ እምብዛም በማይታወቅባቸው ከፍታዎች ጭምር ነበር። በቤቱ ዙሪያ ያቆረ ውኃ በየሳምንቱ ይፍሰስ ወይም ይደፈን።

ንብ ያለው ሰው በበኩሉ ቀኖቹን ካወቀ ቀፎውን ማንበብ ይችላል። ሠራተኛዋ ከእንቁላል እስከ መውጣት 21 ቀን ገደማ፣ ድንጉላው 24፣ ንግሥቲቱ 16 ቀን ይወስድባቸዋል። በእንጀራው ጉድጓድ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ እንቁላል ከታየ ንግሥቲቱ በቅርቡ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ እዚያ ነበረች ማለት ነው፤ ፍለጋ አያስፈልግም። በመስከረም አደይ ሲያብብና መንጋው ሲበረታ ደግሞ ቁልቁል የተንጠለጠለ የንግሥት ቤት ይፈልጉ። አፉ ከታሸገ አዲሲቱ ንግሥት በሳምንት ገደማ ትወጣለች፤ አሮጌዋ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ግማሹን መንጋ ይዛ ትሄዳለች። ባዶው ቀፎ ተጠርጎና ታጥኖ ቦታው ላይ መሰቀል ያለበት የታሸገው ቤት በታየበት ዕለት ነው።